ቋጠሮ የበዛበት ክር

ላሊበላ ለማስተማር የተመደብሁት በደርግ ዘመን፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሲሆነኝ ነው። ደሴ ተወልጄ ስላደግሁ ብርድ የማውቅ መስሎኝ ነበር። የላስታ ብርድ ግን ሌላ ነው፤ ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ ከድንጋዩ ግድግዳ እየወጣ እግር ላይ ይጠመጠማል። ከእናቴ ቤት ይዤው የሄድሁት ስስ ብርድ ልብስ አልበቃ ሲለኝ፣ በከተማው ደግሞ የሚሸጥ ሲጠፋ፣ ራሴ ልሥራው ብዬ ተነሣሁ።

ክር አልነበረም። መንገዱ በክረምት ይዘጋል፤ በበጋም የሚመጣው ጨውና ሳሙና ነው። ቅዳሜ ገበያ ግን ሰልባጅ አይጠፋም። ከመኪና መንገድ ዳር ካሉት የቆላ ከተሞች አንድ ሙስሊም ነጋዴ ያረጀ ልብስ በበቅሎ ጭኖ ይመጣ ነበር። ማንም የማይፈልጋቸውን፣ ክርናቸው የተቀደደና አንገታቸው የላላ ሹራቦች እየመረጥሁ እገዛለሁ። ስፌታቸውን በምላጭ እከፍትና ጫፉን ፈልጌ እተረትራለሁ። የተተረተረ ክር እንደ ጠጉር ይንጨባረራል፤ አጥቤ፣ ድንጋይ አንጠልጥዬበት ሳደርቀው ይቃናል። ኪሮሽ ስላልነበረኝ ከተሰበረ ጃንጥላ አንድ ሽቦ ነቅዬ፣ ጫፉን በድንጋይ ስሞርድ ሰንብቼ መንጠቆ አወጣሁለት። በዚያች ሽቦ መዳፍ መዳፍ የሚያህሉ አራት ማዕዘኖች እየሠራሁ ብርድ ልብሴን መቀጠል ጀመርሁ።

ከክሩ ይልቅ የቸገረኝ ጊዜ ነበር። ጠዋትም ከሰዓትም አስተምራለሁ። ከራት በኋላ የመሠረተ ትምህርት አለ። በሳምንት ሁለት ቀን የቀበሌ ስብሰባ፣ እሑድ የእርከን ሥራ። ከስብሰባ የቀረ ሰው በማግሥቱ ስሙ ይጠራል፤ ለምን እንደተጠራ ግን ለቤተሰቡ የሚነግር የለም። ለራሴ የቀረችኝ ከትምህርት ቤት ወጥቼ እስከ ራት ያለችው አንዲት ሰዓት ነበረች።

ያችን ሰዓት መጠበቅ ያስተማሩኝ አከራዬ ናቸው። የክብ ድንጋይ ቤታቸውን ላይኛ ክፍል ለኔ አከራይተው እሳቸው ከታች ይኖሩ ነበር። ባላቸው ሞቷል፣ ሴቶች ልጆቻቸው ርቀው አግብተዋል። የመጨረሻው ልጃቸው፣ አንድ ወንድ ልጃቸው፣ ወልድያ ሁለተኛ ደረጃ ሲማር ከሌሎች ተማሪዎች ጋር ተይዞ ከታሰረ ሰባት ወር ሆኖት ነበር። ይህንን የነገሩኝ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ቤቱን የተከራየሁ ዕለት ነው። «ኋላ ተሌላ ሰው ሰምተሽ እንዳትደነግጭ» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ስሙን አንሥተውት አያውቁም።

እትዬ እላቸው ነበር። እሳቸው አስተማሪዬ ይሉኛል። አሥር ሰዓት ተኩል ሲሆን የደጃፉን መደብ ጠርገው፣ ወስፌያቸውንና የተጀመረ የመሶብ ክዳናቸውን ይዘው ይቀመጣሉ። እኔ ከወዲያ በኩል ክሬን ይዤ እቀመጣለሁ። ሣር የሚነከርበት ቀለም ገበያ ላይ ከጠፋ ቆይቶ ስለነበር ከኔ የተረፈውን ቁርጥራጭ ክር በአለላ ፈንታ ክዳኑ ላይ ይጠመጥሙታል። «ለእጅ ጊዜ የሚሰጠው የለም፣ አስተማሪዬ» ይሉኝ ነበር። «ይሰረቅለታል እንጂ።»

ብዙ አናወራም። መንገድ ላይ ሰው ሲያልፍ ሁለታችንም አንገታችንን ወደ ሥራችን እንደፋለን። መንገደኛ በተገኘ ቁጥር እትዬ በሶና ቆሎ ለልጃቸው ይልካሉ፤ መንገደኛውም ባዶውን አገልግል ይዞ፣ «ደህና ነኝ ብሏል» እያለ ይመለስ ነበር። ከዚያ ግን አንዱ የእስር ቤቱ ዘበኞች ስንቁን ተቀብለውት አገልግሉን ሳይመልሱለት መጣ። የሚቀጥለውም እንደዚያው። እትዬ ሌላ አገልግል ከጎረቤት ተዋሱ።

በዚያው ወር አንድ ቅዳሜ ከነጋዴው ሦስት ሹራብ በአንድ ገመድ እንደታሰረ ገዛሁ። አንዱ ጥቁር አረንጓዴ ነበር፤ ወፍራም፣ ጥሩ ሱፍ። ቀኝ ክርኑ ላይ ተቀድዶ በጥቁር የበግ ጠጉር ፈትል ተጥፏል። ጥፈቱ እንደ ስፌት መነሻ ከመሐል ተነሥቶ እየዞረ የሚሰፋ ነው። ስፌት የምታውቅ ሴት ናት የጣፈችው ብዬ አደነቅሁና ጎን አስቀመጥሁት።

በማግሥቱ የማርያም ዕለት ነበረ። እትዬ ቅዳሴ ለማስቀደስ ማልደው ወደ አሸተን ማርያም ወጡ። እኔ ከእርከን ሥራ ተመልሼ ብቻዬን ደጃፍ ተቀመጥሁና አረንጓዴውን ሹራብ ከፈትሁት። የጀመርሁት ከጀርባው ነው። ሰፊና ቀጥ ያለ ስለሆነ ቶሎ ይተረተራል። የመጀመሪያው ክፍል ቶሎ ወጣ። መሐሉ ላይ ስደርስ ግን ክሩ ይበጠስብኝ ጀመር። ጥቂት መዞሪያ ይሄድና ይበጠሳል፤ እቋጥረዋለሁ፤ ተመልሶ እዚያው ቦታ ላይ ይበጠሳል። ብል በልቶታል ብዬ አማረርሁ። እየቋጠርሁ፣ እየቋጠርሁ ጀርባውን ጨረስሁት። ሁለት ኳስ ወጣው።

እትዬ ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ በትራቸውን ተደግፈው፣ ነጠላቸው አቧራ ለብሶ መጡ። ከማርያም ያመጡትን እምነት ግንባሬ ላይ ቀቡኝና እግራቸውን ሊያሳርፉ መደቡ ላይ ተቀመጡ። የሹራቡ እጅጌ ከቅርጫቴ ወጥቶ ተንጠልጥሎ ነበር። አዩት። መጀመሪያ እንደ ማንኛውም ዕቃ ነው ያዩት። ከዚያ እጃቸውን ሰደው ክርኑን ያዙ፣ ወደ ውስጥ ገለበጡት፣ የጥፈቱን ማሰሪያ በአውራ ጣታቸው ፈለጉት።

«ይኸን ተየት አመጣሽው?»

«ከገበያ ነው፣ እትዬ። ከሰልባጁ ነጋዴ።»

«መቼ?»

«ትናንት።»

 ልብሱን ጭናቸው ላይ ዘረጉት። ጀርባ የለውም፤ ፊቱና ሁለቱ እጅጌዎች ብቻ ናቸው የቀሩት። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። 

«ይኸን እኔ ነኝ የጣፍሁት» አሉ፣ ድምፃቸውን ሳይለውጡ። «ሲሄድ ለብሶት ነው የሄደው።» ቀጥለውም ቀና ብለው አዩኝ። «አስተማሪዬ፣ ስትተረትሪው ክሩ ይበጠስ ነበር?»

የጠየቁኝ ምን እንደሆነ ገባኝ። ጣቶቼ ላይ ያ ቋጠሮ ሁሉ ተሰማኝ፤ ሁሉም አንድ ቦታ ላይ፣ ከትከሻና ከትከሻ መሐል።

«አልተበጠሰም» አልኋቸው።

«እሽ» አሉ። ሁለቱን የክር ኳሶች አንሥተው ከተረፈው ልብስ ጋር ነጠላቸው ውስጥ ጠቀለሉና ወደ ቤት ገቡ።

ያ ሳምንት አላልፍ አለኝ። እንደ ልማዳችን አሥር ሰዓት ተኩል ላይ እንቀመጣለን፣ እትዬ ክዳናቸውን ይሰፋሉ፣ እኔ ቀይና ቡኒ ክር እሠራለሁ። ስለ ሹራቡ አንድ ቃል አላሉም። አላለቀሱም። በዚያን ጊዜ የታሰረ ልጇ የሞተባት እናት ነጠላ አዘቅዝቃ ደረት መምታት አትችልም ነበር፤ ያለቀሰም ራሱ ይጠየቃል። እትዬ ደግሞ ገና የሚያለቅሱለት ነገር በእጃቸው አልነበረም። ያላቸው ልብስ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ፣ «ቅዳሜ አብረን ገበያ እንወርዳለን» አሉኝ።

ኀሙስ ዕለት የቀበሌው ሊቀ መንበር በደጃችን ቆመ። በዕድሜ የእትዬ ልጅ የሚሆን፣ ከረባት የማያስር ግን ኮት የማይለየው ሰው ነው። ለአብዮት በዓል የሴቶች የእጅ ሥራ ትርኢት እንደሚኖር ነገረን።

«ጓድ መምህርት፣ ብርድ ልብስሽ ይቀርባል» አለኝ። «ከአሮጌ አዲስ መሥራት። ለሰፊው ሕዝብ ትምህርት ነው።»

«እሺ ጓድ» አልሁ።

ቀጥሎ ወደ እትዬ ዞረ። እትዬ ከጧት ጀምሮ አንዱን አረንጓዴ ኳስ ከቤት ይዘው ወጥተው አጠገባቸው አስቀምጠውት ነበር፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁም። ሊቀ መንበሩ ጎንበስ ብሎ አነሣው። በእጁ መዘነው።

«ጥሩ ክር ነው። ለባንዲራው ጥልፍ አረንጓዴ አጥተን ነበር።»

እትዬ ወስፌውን ክዳኑ ላይ ሰክተው ተነሡ።

«እሱ አይሆንዎትም፣ ጓድ» አሉ። «ብል የበላው ነው። ቋጠሮ ብቻ ነው።»

 ኳሱን ፈትተው፣ በጣታቸው ከጫፍ እስከ ጫፍ ተከትለውታል ማለት ነው። አልተበጠሰም ማለቴ ውሸት መሆኑን እንዳወቁ፣ ዐውቀውም እንደተውኝ ያን ጊዜ ገባኝ።

ሊቀ መንበሩ ክሩን ጥቂት ስቦ አየው። አንድ ቋጠሮ ጥፍሩ ላይ ቆመ። መልሶ መደቡ ላይ አኖረው። «የልጅሽስ ወሬ አለ?» አላቸው።

«የለም፣ ጓድ።»

«ካለ ታሳውቂናለሽ» ብሎ ሄደ። መንገዱን እስኪያጥፍ ድረስ ሁለታችንም አልተቀመጥንም።

ቅዳሜ ነጋዴውን በተለመደው ቦታው አገኘነው። በሸራ ላይ ልብስ ዘርግቶ፣ በቅሎውን ከኋላው አስሮ ተቀምጧል። እትዬ ሰው እስኪሳሳ ጠብቀው ጎንበስ አሉና እጅጌውን ከነጠላቸው ሥር ገለጥ አድርገው አሳዩት።

«ወንድም ዓለም፣ ይኸን ተማን ገዛኸው?»

ነጋዴው እጅጌውን አየ፣ እኔን አየኝ፣ ከዚያ ሕዝቡን። «እናቴ፣ እኔ ጨርቅ ነጋዴ ነኝ። ተማን ብዬ አልጠይቅም።»

«እየጠየቅሁህ ነው።»

 ሸራው ላይ ያለውን ሱሪ ያጥፋል፣ መልሶ ይዘረጋል። ኋላ ድምፁን አሳንሶ፣ «ተአንድ የእስር ቤት ዘበኛ ሚስት ነው» አለ። «ከረጢት ሙሉ አድርጋ አመጣችልኝ። ሹራብም፣ ሱሪም፣ ጫማም ነበረበት። ወላሂ፣ የማን እንደሆነ አልነገረችኝም።»

«ደም ነበረው?»

«ታጥቦ ነው የመጣው፣ እናቴ።»

እትዬ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የእህል ጥራት ጠይቆ መልስ እንዳገኘ ሰው። ነጋዴው ከኋላው ያልተፈታ ከረጢት ጎተተና፣ «ተዚያው የተረፈ ነው፤ ይዩት ተፈለጉ» አላቸው። ከፈቱት። አንድ በአንድ እያነሡ አዩ። የሚያውቁት አልነበረም። ሁሉንም እንደነበረ አጥፈው መለሱና አፉን አሰሩት። ስንሄድ ነጋዴው ከኋላችን፣ «አላህ ያጽናዎት» አለ፤ እሳቸው ግን «ገና ነው» ብለው መለሱለት።

በዚያ ቀን ከሰዓት በኋላ ሁለቱን ኳሶችና የተረፈውን ሹራብ ጭኔ ላይ አኖሩት። «መልሽልኝ» አሉኝ።

መልሼ እንደነበረ ላደርገው እንደማልችል ነገርኋቸው። እሱ በማሽን የተሠራ ነው፤ የኔ የጃንጥላ ሽቦ ነው። «ጀርባ ይኑረው ብቻ» አሉ። የትርኢቱን ብርድ ልብስ ትቼ በዚያች በተሰረቀች ሰዓት ጀርባውን መሥራት ያዝሁ። በእያንዳንዱ መስመር ቋጠሮ ይመጣል። ወደ ውስጥ ልደብቀው እሞክራለሁ፤ አንዳንዱ አልደበቅ ይለኛል። እትዬ አጠገቤ ተቀምጠው እያዩኝ ይሰፋሉ። አንድ ቀን የነፍስ አባታቸው መጥተው፣ ሰው ሳያውቅ ፍትሐት ሊያደርጉለት እንደሚችሉ ሹክ ሲሏቸው ሰማሁ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አባቴ» አሏቸው። «ሬሳ ሳላይ፣ በሕይወት ባለ ልጅ ላይ ፍትሐት አላስደርግም።» ቄሱ አልተከራከሯቸውም። እትዬም በየመንገደኛው ስንቅ መላኩን አልተዉም።

ሹራቡ አለቀ። ፊቱ ለስላሳ፣ ጀርባው ወፍራምና ጎርበጥ ያለ፣ አንዱ ትከሻ ከአንዱ የወረደ። እትዬ ተቀብለው ሳጥናቸው ውስጥ አኖሩት። ብርድ ልብሴ ሳይጨረስ ለትርኢቱ ተወሰደ፤ ሳይመለስልኝ ቀረ። እኔም ደግሜ ከዚያ ነጋዴ አልገዛሁም። እሱም ከጥቂት ጊዜ በኋላ መምጣቱን ተወ።

ሁለት ክረምት አለፈ። በሁለተኛው መስከረም፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ አንድ ቀጭን ሰው መደቡ ላይ ተቀምጦ አገኘሁ። ጭንቅላቱ ተላጭቷል፣ ጉልበቱ ከሱሪው ውስጥ እንደ ድንጋይ ተስሎ ይታያል። እትዬ አጠገቡ ቆመዋል። እጃቸውን ትከሻው ላይ አድርገው የሆነ ነገር ሊያነሡ የፈለጉ ይመስል ይነካኩታል።

«ልጄ ነው» አሉኝ። ከዚያ በላይ አልቻሉም።

በየሳምንቱ ቀበሌ እየሄደ እንዲፈርም አዝዘው ፈትተውት ነው። ለብዙ ቀን አልተናገረም። አንድ ከሰዓት እትዬ ሹራቡን ከሳጥን አውጥተው ፊቱ ሲያኖሩት ግን ወደ ኋላ ሸሸ።

«ይኸ እንዴት መጣ?»

ነገሩት። ጀርባውን ገልብጦ ቋጠሮዎቹን እያየ እንዲህ አለን፦ አጠገቡ ይተኛ የነበረ የሙጃ አገር ልጅ ነበር። አብረው ነው የተማሩት። ገና ጎሕ ሳይቀድ የልጁ ስም ተጠራ። በካኔተራ ነበረ። ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ከፍርሃትም ከብርድም። «ፈራ እንዳይሉኝ፣ በርዶኝ ነው አለኝ። ሹራቤን አውልቄ ሰጠሁት። ስትመለስ ትሰጠኛለህ አልሁት።»

እትዬ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። እኔም ያን ጊዜ ያየሁትን ሳልናገር ልቀር አልችልም። ፊታቸው ላይ ደስታ ነበር። ልጃቸው በሕይወት ፊታቸው ተቀምጧል፤ ጀርባውን የበሳው ጥይት የሌላ ሰው ነው። ደስታው ወዲያው በሌላ ነገር ተተካ፤ ፊታቸው እንዲያ ሲጨልም፣ በዚያ ሁሉ የሰቀቀን ጊዜ እንኳ አላየሁም።

«እናቱ ታውቃለች?» አሉት።

«እኔንጃ።»

ለጥቅምት ዕረፍት ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት አውጥተን፣ ዘመድ ጥየቃ ብለን፣ እትዬና እኔ ሙጃ ሄድን። አንድ ቀን ተኩል በእግር ነው። ልጃቸው ከከተማ መውጣት አይፈቀድለትም። እትዬ ሹራቡን በንጹሕ ነጠላ ጠቅልለው፣ ለኔ ሳያስይዙኝ ራሳቸው ተሸከሙት።

የሙጃውን ልጅ እናት እርሻቸው ዳር አገኘናቸው። ከእትዬ የሚያንሱ፣ ቀጭን ሴትዮ ናቸው። ቤት አስገብተው እግራችንን ካጠቡን በኋላ ለምን እንደመጣን ጠየቁ። እትዬ ነገሯቸው፤ ሳያሳጥሩ፣ ሳያለሳልሱ። ጥቅሉን ፈትተው ሹራቡን ሰጧቸው።

ሴትየዋ ተቀበሉት። ፊቱን አዩ፣ እጅጌውን አዩ፣ ጥፈቱን አዩ። የጀርባው መሐል ላይ እጃቸው ቆመ። እዚያው ቆየ።

«ይኸ የልጄ አይደለም» አሉ። «የኔ ልጅ ሹራብ አልነበረውም። ጋቢ ነው የሰጠሁት።»

«አይ፣ የኔ ልጅ ነው የሰ—»

«ሰምቻለሁ፣ እትዬ። የልጄ አይደለም።»

መልሰው አጥፈው መደቡ ላይ አኖሩት። እራት አቀረቡልን፣ መኝታ አነጠፉልን። ስለ ገብሱና ስለ ውርጩ አወሩ። የልጃቸው ስንቅ የሚላክበት አገልግል ከምሰሶው ላይ ተሰቅሎ ነበር። ጠዋት ልንወጣ ስንል እስከ ደጁ ሸኙን። እትዬ ጥቅሉን ብብታቸው ሥር ይዘዋል።

ሴትየዋ መሬቱን እያዩ፣ «በርዶት ነበር አልሽ?» አሉ።

«ልጄ እንዲያ ብሏል» አሉ እትዬ።

 ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ። «ስጭኝ እስቲ። ጨርቅ አይጣልም፤ ለትራስ መሙያ ይሆነኛል።»

እትዬ ሰጧቸው። ሴትየዋ ነጠላውን ፈትተው መለሱልን፤ ሹራቡን ይዘው ወደ ቤት ገቡና በሩን ከውስጥ ዘጉት። እኛ ትንሽ ቆመን ጠበቅን፤ የሚሰማ ነገር አልነበረም። መንገዱን ጀመርን። ወንዙን እንደተሻገርን እትዬ፣ «የኔ ልጅ ነገ ነው የሚፈርመው፤ ቶሎ እንድረስ» አሉኝና ከኔ ቀድመው ዳገቱን ያዙት።